የትውልድን መዝገብ ስለ መፈለግ

ከባቢሎን ምርኮ ወደ አገራቸው በተመለሱት ሰዎች መካከል ከካህናት ወገን ነን የሚሉ አንዳንድ ቤተ ሰቦች እንደ ነበሩ በመጽሐፈ ዕዝራ በምዕራፍ 2 እናነባለን። እነዚህ ሰዎች የትውልዳቸውን መዝገብ ፈለጉ፤ ነገር ግን በዚያ ስላልተገኙ ከክህነት ሥራ ተከለከሉ። የተከለከሉት ሌላ በደል ተገኝቶባቸው አይደለም፤ የጎደላቸው ጽሕፈት ነበረ።

ይህ ነገር በጥንት ዘመን ብቻ የሆነ አይምሰለን። ዛሬም ከአገሩ ርቆ የሚኖር ሰው «መቼና የት ተወለድህ? አባትህ ማን ነው? እናትህስ ከየት ናት?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ በልቡ የሚያውቀውን በጽሕፈት ማስረዳት ሲያቅተው እናያለን። ከዚህም የሚከፋው ጉዳት ልጆቹ ከማን ወገን እንደ ተገኙ ሳያውቁ ማደጋቸው ነው። ስለዚህ በዚህ ትምህርት የልደት መዝገብ የት እንደሚገኝና እንዴት እንደሚጠየቅ በአንድ ቤተ ሰብ ምሳሌነት እንመለከታለን።

አራት ትውልድ በአንድ ቤት

በኬንያ ዋና ከተማ በናይሮቢ፣ በዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ አቅራቢያ፣ ሳውዝ ሲ የሚባል ሰፈር አለ። በዚያም ከሌሎች ሕዝቦች ጋራ ተጎራብተው የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተ ሰቦች ይገኛሉ። ከእነዚህ በአንዱ ቤት በእንግድነት በተቀበሉን ጊዜ አራት ትውልድ አብሮ ተቀምጦ አገኘን፤ ዕድሜያቸው ከሰማንያ ያለፈ አያት፣ በ1983 ዓ.ም. ከአገር የወጡት ልጃቸው፣ በናይሮቢ የተወለደው የልጅ ልጃቸውና ገና ሁለት ወር ያልሞላት የእርሱ ሕፃን ነበሩ።

ጎልማሳው አባት የሕፃኒቱን የዘር ሐረግ በቤቱ መጽሐፍ ቅዱስ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሊጽፍ አስቦ ነበር። የራሱን የልደት ቀን ከምስክር ወረቀቱ ገለበጠ። የእናቱን ሊጽፍ ሲል ግን በአንደኛው ወረቀት ጃንዋሪ 1 ቀን 1962፣ በሌላው ደግሞ 1955 የሚል አገኘ። አያቱንም በጠየቃቸው ጊዜ «ልጄ፣ እናትህን የወለድኋት በኅዳር ሚካኤል ዕለት ነው» አሉት እንጂ ዓመቱን በቍጥር አልነገሩትም። እርሱም ወደ እኛ ዘወር ብሎ «እናቴ ሁለት ዕድሜ አላትን?» ሲል ጠየቀን። አያት በዚያን ሰሞን ታመው ከአልጋ የሚነሡት በድጋፍ ነበር፤ ስለዚህ ጥያቄው ለሌላ ዓመት የሚተላለፍ አልነበረም።

1ኛ. አስቀድማችሁ ሕያዋንን ጠይቁ

ብዙ ሰዎች መዝገብ ፍለጋ ሲነሡ አስቀድመው ወደ ቢሮ ይሄዳሉ። ይህ ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ነው። በመደርደሪያ ያለ ወረቀት አንድ ዓመት ቢጠብቅ ይጠብቃል፤ የሽማግሌ ትዝታ ግን አይጠብቅም። ደግሞም በየትኛው ስፍራና በየትኛው ዓመት መዝገብ እንደምንፈልግ የሚነግረን ይኸው ትዝታ ነው።

ሽማግሌዎችን ስንጠይቅ «በስንት ዓመተ ምሕረት?» ብለን አንጀምር። አባቶቻችንና እናቶቻችን ዘመንን የሚያስቡት በሆነው ነገር ነውና። ጣልያን የገባው በ1928፣ የወጣው በ1933፣ የታኅሣሥ ግርግር የሆነው በ1953፣ አብዮቱ የፈነዳው በ1966፣ ብርቱው ረኃብ የደረሰው በ1977 ዓ.ም. ነው። «ከዚህ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ታላቅ ወንድሟ በዚያን ጊዜ ይራመድ ነበርን? እህሉ አልታጨደም ነበርን?» እያልን ብንጠይቅ ዓመቱ ከሁለት ወገን እየጠበበ ይመጣል።

ቀኑንም ለማግኘት የወሩ በዓላት ይረዱናል። ሥላሴ በ7፣ ሚካኤል በ12፣ ኪዳነ ምሕረት በ16፣ ገብርኤል በ19፣ ማርያም በ21፣ ጊዮርጊስ በ23፣ መድኃኔ ዓለም በ27 ይውላሉ። እንግዲህ የኅዳር ሚካኤል ማለት ኅዳር 12 ቀን ማለት ነው። በዓላቱን የማናከብር ብንሆን እንኳ እናቶቻችን የቈጠሩበትን ቍጥር ማወቅ ይገባናል።

ዓመቱም በወንጌላውያን ስም ይታወቃል። ዓመተ ምሕረቱን ለ4 ስናካፍለው 1 ቢተርፍ ዘመነ ማቴዎስ፣ 2 ቢተርፍ ዘመነ ማርቆስ፣ 3 ቢተርፍ ዘመነ ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዘመነ ዮሐንስ ነው። አያትም በዝግታ በጠየቅናቸው ጊዜ «ከታኅሣሥ ግርግር በኋላ ነው፤ ዘመኑም ሉቃስ ነበረ» አሉን። ከ1953 በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያው ዘመነ ሉቃስ 1955 ነው፤ የሚቀጥለው 1959 ነው። «በ1959ስ?» ብንላቸው፣ በዚያን ጊዜ ልጅቱ ታናሽ ወንድሟን ታዝል እንደ ነበር ነገሩን። ስለዚህ ኅዳር 12 ቀን 1955 ዓ.ም. ተገኘ። ይህን ሁሉ ለማወቅ የፈጀብን አንድ ማታ ብቻ ነበረ።

የተነገረውን ሁሉ በደብተር መጻፍ ይገባል፤ ይኸውም ማን እንደ ተናገረ፣ በየትኛው ቀን እንደ ተናገረ፣ እነማን እንደ ሰሙ ነው። የሽማግሌውንም ቃል እንደ ተናገሩት እንጻፍ እንጂ በራሳችን ግምት አናቃና። ግምታችንን ለብቻው «ይመስለናል» ብለን እንጻፈው።

2ኛ. የዘመን አቈጣጠሩን ለዩ

የኢትዮጵያ አቈጣጠር ከመስከረም 1 ቀን እስከ አውሮፓውያን ዲሴምበር መጨረሻ ድረስ ከእነርሱ በ7 ዓመት ያንሳል፤ ከጃንዋሪ መባቻ እስከ ጳጕሜን መጨረሻ ግን በ8 ዓመት ያንሳል። ለምሳሌ ታኅሣሥ 20 ቀን 1955 ዓ.ም. ዲሴምበር 29 ቀን 1962 ሲሆን፣ ከአንድ ወር በኋላ ያለው ጥር 20 ቀን 1955 ዓ.ም. ጃንዋሪ 28 ቀን 1963 ነው። «7 ጨምር» ወይም «8 ጨምር» ብሎ ብቻ የሚያሰላ ሰው እንግዲህ በአንድ ዓመት ይስታል።

ኅዳር 12 ቀን 1955 ዓ.ም. ስንመልሰው ኖቬምበር 21 ቀን 1962 ይሆናል። ስለዚህ እኒያ እናት ሁለት ዕድሜ የላቸውም፤ 1955 እና 1962 ያንኑ ዓመት በሁለት አቈጣጠር የሚያመለክቱ ናቸው። ስሕተቱ «ጃንዋሪ 1» የሚለው ነው። እናትየው ስለዚህ ሲያስረዱ «ቀኑን ጠየቁኝ፤ ስላላወቅሁት ጸሐፊው ራሱ ጻፈልኝ» አሉ። ጃንዋሪ 1 ቀን 1962 በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1954 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ያ ጸሐፊ ከአሥር ወር በላይ ዕድሜ ጨምሮባቸዋል ማለት ነው። በብዙ ኢትዮጵያውያን ወረቀት ላይ ጃንዋሪ 1 ሲጻፍ ታያላችሁ፤ እንዲህ ያለውን ቀን ስታገኙ እንደ ማስረጃ ሳይሆን እንደ ባዶ ስፍራ ቍጠሩት። እናንተም ስትጽፉ ሁለቱንም ቀን ከነአቈጣጠሩ ጻፉ።

3ኛ. መዝገቡን ልደቱ በተፈጸመበት ስፍራ ፈልጉ

ልደት የሚመዘገበው ልጁ በተወለደበት ስፍራ ነው እንጂ ቤተ ሰቡ ዛሬ በሚኖርበት ስፍራ አይደለም። ስለዚህ በሳውዝ ሲ ያለው ይህ ቤተ ሰብ ለልጅ ልጁና ለሕፃኒቱ በናይሮቢ፣ ለእናትና ለአያት ግን በኢትዮጵያ መፈለግ ነበረበት።

በኬንያ። የልደትና የሞት ምዝገባ ሕግ በቅኝ ግዛት ዘመን በ1928 እ.ኤ.አ. የወጣ ሲሆን፣ ምዝገባው መላውን አገር ያዳረሰው በ1971 እ.ኤ.አ. ነው። ሕፃን በሐኪም ቤት ሲወለድ ሐኪም ቤቱ የልደት ማስታወቂያ ይሰጣል፤ በቤት ሲወለድ አሲስታንት ቺፍ የሚባለው የአካባቢው ሹም ይመዘግባል። ይህ በስድስት ወር ውስጥ ሊፈጸም ይገባል፤ ከዚያ ያለፈ እንደ ሆነ ምዝገባው የዘገየ ይባልና ተጨማሪ ማስረጃ ይጠየቃል። የምስክር ወረቀቱ የሚጠየቀው ከሲቪል ምዝገባ መሥሪያ ቤት ነው፤ ማመልከቻውም ኢሲቲዝን በተባለው የመንግሥት የኢንተርኔት አገልግሎት ይቀርባል። የጠፋ ወረቀት ግልባጭ የሚፈልግ ሰው ስሙን፣ የተወለደበትን ቀንና ስፍራ፣ የአባቱንና የእናቱን ስም፣ ቢገኝም በቀድሞው ወረቀት ላይ ያለውን የምዝገባ ቍጥር ያቀርባል።

የስፍራ ስም እንደሚለወጥም አስተውሉ። በቅኝ ግዛቱ መጨረሻ ዘመን ኪንግ ጆርጅ ስድስተኛ ይባል የነበረው የናይሮቢ ሐኪም ቤት የዛሬው የኬንያታ ብሔራዊ ሐኪም ቤት ነው። ደግሞም በሳውዝ ሲ የሚኖሩ ወላጆች ልጃቸውን በፑምዋኒ የእናቶች ሐኪም ቤት ቢወልዱ፣ በመዝገቡ የልደቱ ስፍራ ሆኖ የሚጻፈው ፑምዋኒ ነው እንጂ ሳውዝ ሲ አይደለም።

አንድ ነገር እናሳስባለን። በኬንያ መወለድ ብቻውን የኬንያን ዜግነት አይሰጥም፤ በ2010 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕገ መንግሥት መሠረት በትውልድ ዜጋ የሚሆነው ከአባቱ ወይም ከእናቱ አንዳቸው ኬንያዊ የሆኑ ልጅ ነው። ይህ ግን ልደቱን ከማስመዝገብ ሊያስቀራችሁ አይገባም፤ የተወለደ ሕፃን ሁሉ የመመዝገብ መብት አለውና።

በኢትዮጵያ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ ደንግጎ ነበር፤ ነገር ግን ያው ሕግ በመጨረሻው ክፍል ሥራው እስኪታዘዝ ድረስ እንዲቆይ ስላደረገው፣ በመላው አገር የሚሠራ የልደት መዝገብ ለብዙ ዘመን አልነበረም። የወሳኝ ኩነቶች ምዝገባ አዋጅ ቍጥር 760 በ2004 ዓ.ም. ወጣ፤ ምዝገባውም በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ የተወለደ ልጅ በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ታዝዟል። ከዚያ በፊት የተወለደም ሰው ማስረጃ አቅርቦ ልደቱን ማስመዝገብ ይችላል። በአዲስ አበባ የቀድሞዎቹ ቀበሌዎች ወደ ወረዳ ስለ ተጠቃለሉ ጥያቄው ለወረዳው የሲቪል ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ይቀርባል።

ታዲያ በ1955 ዓ.ም. ለተወለደ ሰው ምን ዐይነት ጽሕፈት ይገኛል? የምንፈልጋቸው እነዚህ ናቸው።

የመጀመሪያው የቤተ ክርስቲያን የጥምቀት መዝገብ ነው። በወንጌላውያን ማኅበረ ምእመናን የልደቱ ቀን ከጥምቀቱ ቀን ጋራ ተጽፎ ሊገኝ ይችላል። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ የተቋቋመችው በጥር ወር 1951 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ከዚያ የሚቀድመው መዝገብ በሚስዮኑ ስም ተቀምጦ እንደ ሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ትጠመቃለች፤ ስለዚህ የጥምቀቱ ቀን ከተገኘ የልደቱን ቀን ወደ ኋላ ቈጥሮ መገመት ይቻላል። በዚያ የሚጻፈው የክርስትና ስም ከቤት ስም የተለየ መሆኑን አትርሱ፤ ብዙ ሰው መዝገቡ ፊቱ ተዘርግቶ ሳለ የሚስተው በዚህ ነው።

ሁለተኛው የትምህርት ቤት መዝገብ ነው፤ ተማሪው በገባበት ዓመት ዕድሜውና የአባቱ ስም ተጽፎ ይገኛልና። ሦስተኛው የሐኪም ቤትና የማዘጋጃ ቤት ወረቀት ነው። አራተኛው የቀበሌ የቤተ ሰብ ቅጽ ነው፤ ቀበሌ ግን በከተማ የተቋቋመው በ1967 ዓ.ም. ስለሆነ ከዚያ በፊት ያለውን ከቀበሌ አንጠብቅ።

የአገሩንም ስም በዘመኑ ስም መፈለግ ይገባል። በወረቀቱ «በጌምድር» ወይም «ወለጋ ጠቅላይ ግዛት» የሚል ቢገኝ፣ ያ መንደር ዛሬ በየትኛው ክልል፣ ዞንና ወረዳ እንደሚገኝ አስቀድማችሁ ከአገሩ ሰው ጠይቃችሁ እወቁ።

4ኛ. ጥያቄያችሁን በሚገባ ጻፉ

መዝገብ የሚጠብቅ ሰው ብዙ ሥራ አለበት። አሳጥሮና አሟልቶ ለጻፈለት ሰው ይፈልግለታል፤ «የእናቴን ነገር ፈልጉልኝ» ላለው ግን ቢወድም ሊረዳው አይችልም። ስለዚህ በአንድ ደብዳቤ ስለ አንድ ሰው ብቻ እንጠይቅ። ያ ቤተ ሰብ በአገር ቤት ወዳለችው ማኅበረ ምእመናን የላከው ደብዳቤ ስሞቹ ሲቀሩ እንዲህ ይላል።

«ስማችን ከዚህ በታች የተጻፈው በናይሮቢ ከተማ ነዋሪዎች ስንሆን፣ የእናታችንን የልደትና የጥምቀት ጽሕፈት እንድትፈልጉልን በትሕትና እንለምናለን። ሙሉ ስማቸው እስከ አያት፣ የአባታቸውና የእናታቸው ስም፣ እንዲሁም የተወለዱበት መንደር ከዚህ በታች ተጽፏል። የተወለዱት ኅዳር 12 ቀን 1955 ዓ.ም. ይመስለናል፤ ስለዚህ ከ1954 እስከ 1956 ዓ.ም. ያለውን መዝገብ እንድታዩልን እንለምናለን። ጽሕፈቱ ቢገኝ በማኅተም የተረጋገጠ ግልባጭ ላኩልን። ባይገኝም የትኞቹ መዝገቦች እንደ ታዩ በሁለት መስመር ግለጹልን። የሚከፈለውን ሁሉ እንከፍላለን።»

በዚህ ደብዳቤ ሦስት ነገር አስተውሉ። ስለ አንድ ዓመት ሳይሆን ስለ ሦስት ዓመት ጠየቀ፤ ዘግይቶ የተጻፈ ልደት ብዙ ነውና። ያልተረጋገጠውን ነገር «ይመስለናል» አለ። መልሱ «አልተገኘም» ቢሆን እንኳ የትኞቹ መዝገቦች እንደ ታዩ ጠየቀ፤ ይህም ሌላ ሰው በከንቱ እንዳይደክም ይረዳል።

ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲሆን ዘመድ ሄዶ እንዲጠይቅ ውክልና መስጠት ያስፈልግ ይሆናል። በውጭ አገር ያለ ሰው ውክልናውን በኢትዮጵያ ኤምባሲ ይፈጽማል፤ በአዲስ አበባም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል። ነገር ግን በስደተኝነት የተመዘገበ ሰው ወደ ኤምባሲ ከመሄዱ በፊት የሕግ ምክር ይጠይቅ፤ መሄዱ በመብቱ ላይ ጉዳት ሊያመጣበት ይችላልና።

ስለ ስም አጻጻፍም እንጠንቀቅ። እኛ የአባትን ስም ከራሳችን ስም አስከትለን እንጽፋለን እንጂ የቤተ ሰብ ስም የለንም፤ ስለዚህ በውጭ አገር ቅጽ የአያት ስም እንደ ቤተ ሰብ ስም ሆኖ ይገባል። ደግሞ ፀሐይ ወይም ጽጌ የሚለው ስም በላቲን ፊደል በሦስትና በአራት ዐይነት ይጻፋል። መዝገብ ስናስፈልግ የምናውቃቸውን አጻጻፎች ሁሉ እንዘርዝር።

5ኛ. እውነትን ብቻ ጻፉ

ወረቀት ባጣ ሰው ላይ ሁለት ፈተና ይመጣበታል። አንደኛው የማያውቀውን ቀን እንደሚያውቀው አድርጎ መጻፍ ነው። ሁለተኛው ለጕዞ ወይም ለሌላ ጥቅም ሲል የወንድሙን ልጅ እንደ ራሱ ልጅ አድርጎ ማስመዝገብ ነው። ይህን የሚያደርጉት ብዙ ጊዜ በችግር ተጨንቀው እንጂ በክፋት እንዳልሆነ እናውቃለን። ነገር ግን የሐሰት ጽሕፈት ከጻፈው ሰው ይልቅ ዕድሜው ይረዝማል፤ ልጁ አድጎ እውነተኛ አባቱን ሲፈልግ መንገዱን የሚዘጋበት ያው ወረቀት ይሆናል። ቀኑን ባናውቅ «በግምት» ብለን እንጻፍ፤ ይህ ውርደት አይደለም።

በፍለጋው መካከል ያልጠበቅነው ነገር ሊገኝ ይችላል፤ አባቱ ያልተጻፈ ልጅ፣ በቤት ያደገ የሌላ ሰው ልጅ፣ ስሙ ያልተነሣ የሞተ ወንድም። እንዲህ ያለውን ነገር ያገኘ ሰው በሰው መካከል አይግለጠው። አስቀድሞ ነገሩ ለሚመለከተው ሰው ለብቻው በፍቅር ይንገረው። መዝገብ የምንፈልገው ወገናችንን ለማወቅ ነው እንጂ በማንም ላይ ለመፍረድ አይደለምና።

የፍለጋው መጨረሻ

ደብዳቤው ከተላከ ከሰባት ወር በኋላ መልሱ ደረሰ። በማኅበረ ምእመናኑ የጥምቀት መዝገብ የእናትየው ስም ከአባታቸው ስም ጋራ ተገኘ፤ የልደቱም ቀን ኅዳር 12 ቀን 1955 ዓ.ም. ተብሎ ተጽፎ ነበር። አያት ግን ይህን አልሰሙም። ደብዳቤው ከተላከ በአራተኛው ወር በሰላም አንቀላፍተው ነበርና።

የልጅ ልጃቸው ግልባጩን ይዞ ወደ እኛ በመጣ ጊዜ ያን ደብተርም ይዞ ነበር። የመዝገቡን ቃልና የአያቱን ቃል ጎን ለጎን አስቀምጦ አሳየን፤ በአንድ ቀን እንኳ አልተለያዩም። ከዚያም እንዲህ አለን፦ «መልሱ ባይመጣ ኖሮ እንኳ ይህን እጽፍ ነበር። እማማን ያን ማታ ባንጠይቃቸው ኖሮ ግን በየትኛው ዓመት እንደምንፈልግ አናውቅም ነበር።» የአያቱ የራሳቸው ልደት በየትኛውም መዝገብ አልተገኘም። በመጽሐፍ ቅዱሱ ገጽ ላይ «ጣልያን በወጣ በዓመቱ፣ በግምት 1934 ዓ.ም.፤ ራሳቸው እንደ ተናገሩት» ተብሎ ተጽፏል። የሕፃኒቱ ልደት ደግሞ ስድስት ወር ሳይሞላት በናይሮቢ ተመዝግቦ፣ ከሁሉ በታች ተጽፎ ይገኛል።

ወገኖቻችን ሆይ፤ በቤታችሁ አንድ አረጋዊ ወይም አንዲት አረጋዊት ቢኖሩ፣ ይህን ትምህርት ካነበባችሁ በኋላ ደብተር ይዛችሁ አጠገባቸው ተቀመጡ። የቢሮው በር ነገም ይከፈታል።

ለጥናት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. የአያቶቻችሁን የአራቱንም ስም ከነአባታቸው ስም ታውቃላችሁን? የተወለዱበትንስ መንደር?
2. የወላጆቻችሁ የልደት ቀን በየትኛው አቈጣጠር ተጽፏል? ወደ ሁለተኛው አቈጣጠር መልሳችሁ ጻፉት።
3. በማኅበረ ምእመናናችሁ የጥምቀት መዝገብ የት ይቀመጣል? ከእሳትና ከዝናብስ የተጠበቀ ነውን?
4. በቤታችሁ ልደቱ ገና ያልተመዘገበ ሕፃን አለን?